ብሎኬቱን ይተዉት፣ ጥዱንና ድንጋዩን ያድኑ፦ አሮጌ ቤት ከመፍረሱ በፊት

ጥያቄ፦ «ጉለሌ አካባቢ ከወላጆቻችን የወረስነው የግል ቤት አለን። ፊት ለፊት 8 በ10 ሜትር የሆነ፣ በጥድ ቋሚና በጭቃ የተሠራ፣ የድንጋይ መሠረት፣ የጣውላ ወለልና የቆርቆሮ ክዳን ያለው አሮጌ ዋና ቤት አለ። ከኋላ በ1980ዎቹ የተጨመረ 4 በ8 ሜትር የሆነ የብሎኬት ሰርቪስ ቤት አለ፤ ጣሪያው ሶሌታ (ጠፍጣፋ የአርማታ ጣሪያ) ነው። ሁለቱንም አፍርሰን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ልንሠራ ነው። አንድ ባለእስካቫተር ከፍለነው በአንድ ቀን ጠራርጎ ሊያስረክበን ይፈልጋል። ሌላ ሰው ደግሞ እሱ ከፍሎን ፍርስራሹን በሙሉ ልውሰድ ይላል። ወንድሜ ግን ለሁለቱም አንሰጥም፤ ብሎኬቱንና ፌሮውን አውጥተን ለአዲሱ ቤት ብንጠቀምበት የግንባታው ወጪ በግማሽ ይቀንሳል ባይ ነው። የማንን እንስማ?»

ምላሽ፦ ወንድምዎ በሐሳቡ ትክክል ነው፤ ዕቃ ሲመርጥ ግን ተሳስቷል። ከሁለቱ ቤቶች ውስጥ ለአዲሱ ግንባታ ብዙም የማይረቡትን ሁለት ነገሮች ለይቶ ጠርቷቸዋል። ለማዳን የሚበቃው ሀብት ያለው እናንተ «አሮጌ» ያላችሁት የጭቃ ቤት ውስጥ ነው።

በግማሽ ይቀንሳል የሚለውን ተስፋ በመጀመሪያ ይተዉት። የአዲስ ቤት ወጪ የሚከማቸው በቁፋሮው፣ በአርማታው፣ በፌሮው፣ በቧንቧና በኤሌክትሪክ ዝርጋታው፣ በማጠናቀቂያ ሥራውና በእጅ ዋጋው ላይ ነው። ከአሮጌ ቤት የሚወጣ ዕቃ አርማታ አይሆንም፤ ኮለንም አይሸከምም። የሚተካው ሌላ ነው፤ የአጥርና የመሠረት ድንጋይ፣ የወለል ጣውላ፣ የውስጥ በር፣ የደረጃ መርገጫ፣ የግቢ ንጣፍ፣ ለግንባታው ጊዜ የሚያስፈልገው ጊዜያዊ አጥርና የሲሚንቶ መጋዘን። እነዚህ ሲደመሩ ቁም ነገር አላቸው፤ የወጪው ግማሽ ግን አይደሉም። በመቶኛ ንገረኝ ካሉኝ አልነግርዎትም። ስሌቱ የሚጀምረው አርክቴክቱ የትኛውን ዕቃ በንድፉ ውስጥ እንዳስገባው ከታወቀ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው አዲስ የተሠራ ቤት ሲፈርስ የበለጠ ዕቃ የሚገኝበት ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰርቪስ ቤቱ የተገነባው በሲሚንቶ ሞርታር ነው፤ ሞርታሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከብሎኬቱ ይጠነክራል። መዶሻ ሲያርፍበት የሚሰበረው መጋጠሚያው ሳይሆን ብሎኬቱ ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ግድግዳው ስስ የሆነ ዕቃ ስለሆነ ሙሉ ሆኖ የሚወጣው ጥቂቱ ነው፤ እሱም ቢሆን የተጣበቀበትን ሞርታር ለማራገፍ የሚከፈለው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ከአዲስ ብሎኬት ጋር ይቀራረባል። ከብሎኬቱ የምመክርዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስብራቱን ለይተው ያስቀምጡና ለግቢ መንገድ መደልደያ ያውሉት። ከአዲሱ ቤት ወለል ሥር ግን አይግባ፤ ደካማ ነው፤ ይፈርሳል።

ስለ ፌሮው ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። ከሶሌታና ከቢም የወጣ ፌሮ በአዲስ ኮለን፣ ቢም ወይም ሶሌታ ውስጥ እንዳይገባ። ምክንያቱ መዛጉ ብቻ አይደለም። አርማታው በመዶሻና በማሽን ሲሰበር ብረቱ ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል፣ አንዳንድ ቦታ ይቀጥናል፤ ከዚያ ፌራዮው (የብረት ሠራተኛው) እንደገና እየቀጠቀጠ ያቀናዋል። አንዴ ታጥፎ የተቀና ብረት ለዓይን ቀጥ ያለ ቢመስልም የመለጠጥ አቅሙ ቀንሷል፤ የመጀመሪያ ደረጃው ምን እንደነበረም የሚነግርዎት ምልክት የለውም። በቤት ውስጥ ያለ ብረት አንዱ ዋና ሥራው መሬት ሲናወጥ ሳይበጠስ መለጠጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሕንፃ ሲያወዛውዝ የፎቅ ነዋሪዎች በሌሊት ወደ ደጅ መውጣታቸውን ያስታውሳሉ። እንግዲህ በዚህ አገር የቀና ፌሮ ኮለን ውስጥ የሚቀብር ሰው ቁጠባው የቱ ጋ እንደሆነ ሊያስረዳኝ አይችልም። ፌሮውን በኪሎ ይሽጡት። በምናለሽ ተራና በመሰል ገበያዎች በኩል ወደ ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ይሄዳል፤ ቀልጦ እንደገና ብረት ይሆናል። ትክክለኛ መንገዱ ያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቤት እንምጣ።

የአበሻ ጥድ ውስጠኛው ቀይ ክፍሉ ምስጥም ሻጋታም የማይደፍረው እንጨት ነው። ወላጆችዎ ወይም ከእነሱ በፊት የነበሩት ጥዱን ለቋሚነት የመረጡት ለዚህ ነው። ዛሬ ከተፈጥሮ ደን እንዲህ ያለ እንጨት ገዝቶ ማምጣት ሕግም ሕሊናም አይፈቅድም፤ ስለዚህ በቤትዎ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ያህል ጥራት ያለው ጥድ በገበያ አያገኙም። ችግሩ ከውጭ ሲታይ ቋሚው ሁሉ አንድ መምሰሉ ነው። አንዳንዱ ቋሚ በኋላ ዘመን በባሕር ዛፍ ተተክቶ ይሆናል፤ ማገሩ ደግሞ በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ጭቃው ሲራገፍ እያንዳንዱን በካቻቢቴ ጫፍ ይውጉት። ጤነኛ ጥድ ጫፉን አያስገባም፤ ሲቧጠጥም ያ የታወቀ ሽታው ይወጣል። የበሰበሰው እንደ ቡሽ ይቀበላል። ቋሚ የሚበሰብሰው ብዙውን ጊዜ ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት ከክንድ የማይበልጥ ርዝመት ላይ ነው፤ ያንን ቆርጠው ቢጥሉት የቀረው ሁለት ሜትር ከምናምን ንጹሕ እንጨት ነው። ሥሩ አዲስ ዱቄት ያረፈበትና በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ እንጨት ካዩ ከሌላው ጋር አያከማቹት፤ ነቀዙ በሕይወት አለ ማለት ነው። ይህ በዝግባ ላይ ይበዛል። ዝግባ ለበርና ለወለል ያማረ እንጨት ነው፤ ነፍሳትን የመቋቋም አቅሙ ግን ከጥድ ጋር አይወዳደርም።

የወለሉን ጣውላ አናጺ ይንቀለው፤ የቀን ሠራተኛ ከዲጂኖ ጋር አይላኩበት። ጣውላዎቹ በምላስና በጎድጎድ (የአንዱ ጠርዝ በሌላው ጠርዝ ቦይ ውስጥ ገብቶ) የተጋጠሙ ከሆነ ሚስማሩ የተመታው በምላሱ በኩል ነው፤ የሚነሳውም በዚያው በኩል ነው። መጀመሪያ በግድግዳው ጥግ ያለው የግርጌ ጣውላ ይነሳል፤ ከዚያ አንዱ ጣውላ መሥዋዕት ሆኖ ተሰንጥቆ ይወጣል፤ ሌሎቹ ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ከወራጁ ላይ ቀስ ተብለው ይላቀቃሉ። የደረቀ ጥድ ደግሞ በቃጫው አቅጣጫ ተከትሎ መሰንጠቅ ይወዳል። ስለዚህ ሚስማሩን በመንቀያ ከራሱ በኩል ከመጎተት በፊት ጣውላውን ገልብጦ ጫፉን በመዶሻ ወደ ኋላ መምታት ይገባል፤ ራሱ ከእንጨቱ በላይ ብቅ ሲል በጉጠት ይነቀላል። አናጺው ይህን ሲያደርግ ካዩት ሥራውን ያውቃል። ሚስማሩ ሳይወጣ የተከመረ እንጨት ግን ሀብት አይባልም። ሰው ይረግጠዋል፤ ማሽን ቤት ቢወስዱትም የመላጊያውን ስለት ስለሚሰብር ባለሙያው አይቀበልዎትም።

እዚህ ላይ አንድ ገደብ አለ። ያገለገለ እንጨት ምን ያህል እንደሚሸከም ለክቶ ደረጃ የሚሰጥ አሠራር በአገራችን አልተለመደም። ስለሆነም መሐንዲስዎ ጥዱን ለጣሪያ መሸከሚያ አልቀበልም ካለ አይከራከሩት፤ ሙያው የሚያስገድደው ነው። ለወለል፣ ለበር፣ ለደረጃ መርገጫ፣ ለመደርደሪያ፣ ለበረንዳ መከለያ ይጠቀሙበት። ቁራጭ ቢተርፍ እንኳ ለወንበርና ለጠረጴዛ የሚሻሙበት አናጺዎች አሉ።

ቆርቆሮውን በተመለከተ የጌጅ ቁጥር ሲተልቅ ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ብዙ ሰው አያውቅም። 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይወፍራል። የድሮ ክዳን ብዙ ጊዜ ዛሬ ለተራ ቤት ከሚገዛው ይወፍራል፤ ስለዚህ «አሮጌ ነው» ተብሎ በርካሽ ሲወሰድብዎት ዝም አይበሉ። አንዱን ቆርቆሮ አውርደው ወደ ፀሐይ ያንሱትና ከታች ይመልከቱት። የብርሃን ነጠብጣብ የሚታይበት ለክዳን አይሆንም። ዝገቱ ያለው በመደራረቢያው ጠርዝ ብቻ ከሆነ ያንን ቆርጦ መጠቀም ይቻላል። ለአዲሱ ቤት ክዳንነት ግን አልመክርም፤ የሚስማር ቀዳዳዎቹ ከአዲሱ ሞራሌ ጋር አይገጥሙም፤ የሚያፈስ ጣሪያ ከሥሩ የሚያበላሸው ኮርኒስና ቀለም ከቆርቆሮው ዋጋ ይበልጣል። ለግንባታ አጥር፣ ለሲሚንቶ መጋዘን፣ ለጥበቃ ቤት ያውሉት፤ ግንባታው ሲያልቅ ይሽጡት። ጊዜያዊ አጥር ሊያጥሩ ቆርቆሮ እየገዙ የራስዎን በእስካቫተር ጥርስ ማስጨማደድ ሞኝነት ነው።

ቆርቆሮ ሲነሳ ሥሩ ወይም በአንዱ ክፍል ላይ ግራጫ፣ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ስስ ሰሌዳ ካገኙ ሥራውን አስቁሙ። በተለምዶ ኢተርኒት የሚባለው የድሮ ሰሌዳ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ሳይነካ ሲቆይ ብዙም አደጋ የለውም፤ ሲሰበር፣ ሲቆረጥና ሲፈጭ ግን የሚለቀው ዓይን የማያየው ቃጫ ሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሁሉም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር እንደሚያመጣ በግልጽ አስቀምጧል። እንዲህ ያለው ሰሌዳ በውሃ ርሶ፣ ሙሉውን ሳይሰበር ወርዶ፣ በወፍራም ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከሌላው ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ማንም እንዳይገዛው፤ ማንም ወስዶ ለዶሮ ቤት እንዳያደርገው። ስለ አወጋገዱ የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። የተለመደው የአፍ ጨርቅ ከዚህ ቃጫ አያድንም።

ሌላው አደጋ ቀለም የተቀባ እንጨት ነው። የድሮ ቀለም ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ስብርባሪውን ሰብስቦ እንጀራ መጋገሪያ ማድረግ በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ ጭሱን የሚስበው ጋጋሪዋና አጠገቧ የሚጫወተው ሕፃን ነው። የተቀባውን ለማገዶ አይስጡ፤ በአሸዋ ወረቀትም በደረቁ አይፋቁት።

ድንጋዩን በእጅዎ ካለው መጠን እናስላ። የዋናው ቤት ዙሪያ 36 ሜትር ነው፤ መሐል የሚያቋርጥ አንድ መሠረት 8 ሜትር ቢጨመር 44 ሜትር ይሆናል። ውፍረቱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው ከመሬት ሥር እስከ ውሃ ልክ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 17.6 ሜትር ኩብ ግንብ ማለት ነው። አንድ ሦስተኛውን ለሞርታሩና ለክፍተቱ ቢቀንሱ ወደ 12 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ድንጋይ ግቢዎ ውስጥ ተቀብሯል። የዚያን ዘመን መሠረት በጭቃ ወይም በኖራ የተገነባ ከሆነ ድንጋዩ ያለ ብዙ ትግል ይለቃል፤ በመጥረቢያ ጀርባ ሲመታ ይራገፋል። በሲሚንቶ ከሆነ ይከብዳል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ማዕዘን ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍሮ ማየት በቂ ነው፤ ይህን ከማንም ጋር ከመዋዋልዎ በፊት ያድርጉት። የተጠረበው ድንጋይ ለአጥርና ለፊት ገጽታ፣ ያልተጠረበው ለአዲሱ የመሠረት ግንብ ወይም ከወለል በታች ለሚደረደረው ድንጋይ ይሆናል። ጥቁር ድንጋይ አያረጅም። የሚሰነጣጠቅ ወይም በጣት ሲቧጠጥ የሚፈረፈር ድንጋይ ካለ ግን ለዚህ ሥራ አያስገቡት።

ጭቃው ከሁሉ በላይ ቦታ የሚፈጅ ነው። የውስጥና የውጭ ግድግዳዎ አንድ ላይ 60 ሜትር ርዝመት፣ 2.8 ሜትር ቁመትና 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው 33 ሜትር ኩብ ያልፋል፤ የበርና የመስኮቱ ሲቀነስ ወደ 30 ይወርዳል፤ ሲፈርስ ግን ስለሚላላ እንደገና ያብጣል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ሁለት ሞልቶ ሦስተኛ ያስጠራል። ሰዎች ይህን ወጪ ለማዳን ጭቃውን ለአዲሱ ቤት ወለል ሙሌት ያደርጉታል። አያድርጉት። ውስጡ ጭድ አለ፤ ጭዱ ሲበሰብስ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ወለሉ ይሰምጣል፤ ምስጥም ይጠራል። አፈሩ ለአትክልት ቦታ፣ ለግቢ ማስተካከያ ይሆናል፤ በአካባቢው ጭቃ የሚያቦካ ሰው ካለም በነፃ ይወስደዋል፤ በውሃ ርሶ አዲስ ጭድ ከተጨመረበት እንደገና ይለሰናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን የሲሚንቶ ልስን ወይም ጂፕሰም ካልተቀላቀለበት ነው። ጂፕሰም በተለይ ከየትኛውም ሙሌት መለየት አለበት፤ እርጥበት ሲያገኝ የሚሟሟው ሰልፌት አጠገቡ ያለውን አርማታ ይበላዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በእጅ የሚሠራ ነው። ሶሌታው ሲደርስ ግን አቋሜ ይለወጣል። 32 ካሬ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 4.8 ሜትር ኩብ ነው፤ ክብደቱ 12 ቶን ይሆናል። የቀን ሠራተኞች ሶሌታ ላይ ቆመው የቆሙበትን በመዶሻ ሲሰብሩ በከተማችን ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ፌሮው የት እንደሚያልፍ፣ አርማታው የት እንደተበላ ማንም ሳያውቅ ማለት ነው። ይህን በማሽን ያስፈርሱ፤ ሰው ሁሉ ከግቢው ከወጣ በኋላ። እስካቫተሩ የሚያስፈልግዎት ለዚህና ለመሠረቱ ቁፋሮ ነው፤ ለግማሽ ቀን ወይም ለአንድ ቀን። ባለእስካቫተሩ ዋጋውን በዚሁ መጠን እንዲያስተካክል ይጠይቁት።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የኤሌክትሪክና የውሃ ቆጣሪው በየመሥሪያ ቤታቸው በኩል መነሳት አለበት፤ ሽቦ ቆርጦ መተው መፍትሔ አይደለም። የድሮውን የሽንት ቤት ጉድጓድም ይፈልጉት። በእንደዚህ ያሉ ግቢዎች ውስጥ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጉድጓድ ይኖራል፤ አንደኛው ሞልቶ በእንጨትና በአፈር የተከደነና የተረሳ ነው፤ ማሽን ሲወጣበት ይደረመሳል። ሰፈሩን የሚያውቁ አዛውንት ጎረቤት ካሉ ከመሐንዲሱ በፊት እሳቸውን ያናግሩ። አፈታቱ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ኮርኒስ፣ ክዳን፣ ሞራሌ፣ በርና መስኮት፣ ግድግዳ፣ ወለል፣ መሠረት። ክዳኑ ከተነሳ በኋላ የጭቃ ግድግዳ ከላይ የሚይዘው የለም፤ ስለዚህ ያለ ድጋፍ እንዲያድር አይተዉት። ከጎረቤት ጋር የሚጋራ ግድግዳ ካለ በጽሑፍ ሳይስማሙ አይንኩት። ጊዜው ደግሞ ከክረምት ውጭ ይሁን። ክዳኑ በነሐሴ የተነሳ ቤት ጣውላው ይጣመማል፤ ጭቃውም በግቢው ሁሉ ይፈስሳል።

ፍርስራሹን ልግዛ ስላለው ሰው። ይህ ሰው ጠላትዎ አይደለም፤ ሥራው የከተማዋን ዕቃ ከመቃብር የሚያወጣ ነው፤ ያገለገለ በር፣ ቆርቆሮና እንጨት ዞሮ ዞሮ ለሌላ ቤት የሚደርሰው በእነሱ እጅ ነው። ችግሩ «ፍርስራሹን በሙሉ» የሚለው ውል ነው። በእንዲህ ያለ ውል ገዢው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ ጥዱንና ብረቱን ጭኖ ይሄዳል፤ ጭቃውና የብሎኬት ስብራቱ ለእርስዎ ይቀራል። በነጠላ የተቆጠረ ዕቃ ይሽጡለት፤ ቤት በጅምላ አይሽጡ። በውሉ ላይ ምን እንደሚወስድ፣ ምን እንደሚተው፣ እስከ መቼ እንደሚጨርስ፣ ሠራተኛ ቢጎዳ ማን ኃላፊ እንደሆነ፣ ትራፊውን የት እንደሚደፋ ይጻፍ። መያዣ ገንዘብ ያስቀምጥ፤ ግቢው ተጠርጎ ሲያስረክብ ይመለስለት። የሚደፋበት ቦታ ነገር የውሉ ጌጥ እንዳይመስልዎት። ጉለሌ ነዎት፤ በሌሊት የተጫነ ፍርስራሽ ቀጨኔ ወንዝ ዳር ሲደፋ የወንዙን መሄጃ ያጠባል፤ ክረምት ሲመጣ ውሃው የሚገባው ከታች ያለው ሰው ቤት ነው። ተጠያቂው ደግሞ ጫኝው ብቻ አይደለም፤ ፍርስራሹ የማን ግቢ እንደሆነ ይጠየቃል።

ባለእስካቫተሩ በእጅ መፍታት ኋላ ቀር አሠራር ነው ሊልዎት ይችላል። በአሜሪካ የፖርትላንድ ከተማ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ድንጋጌ በ1916 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ መኖሪያ ቤቶች በማሽን እንዳይደረመሱ፣ በአብዛኛው በእጅ እንዲፈቱ አስገድዳለች፤ በ2020 ደግሞ ገደቡን እስከ 1940 የተሠሩትን እንዲጨምር አሰፋችው። አንዱ ምክንያት የድሮ ዛፍ እንጨት ነው፤ እንዲህ ያለ እንጨት ዳግመኛ አይገኝም፤ ማሽን ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ስብርባሪ ይለውጠዋል። በዚያች አገር በ2018 እ.ኤ.አ. ከተገመተው 600 ሚሊዮን ቶን የግንባታና የፍርስራሽ ቆሻሻ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ከማፍረስ የመጣ ነው። የእነሱ ችግር የእጅ ዋጋው ውድ መሆኑ ነው፤ የተፈታውን ዕቃ የሚያከማቹበት ሰፊ መጋዘን ግን አላቸው። የእኛ ችግር ተቃራኒው ነው፤ አናጺውና ገበያው አለን፤ ማስቀመጫ የለንም።

ማስቀመጫ የእርስዎም ዋና ገደብ ይሆናል። በተፈታው ዕቃና በአዲሱ ግንባታ መካከል ወራት ያልፋሉ፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ አሸዋ፣ ጠጠርና ሲሚንቶ ቦታ ይፈልጋሉ። እንጨቱ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየረድፉ መሐል ቀጭን መለያ እንጨት ገብቶበት አየር እያገኘ፣ በላዩ ቆርቆሮ ተከድኖ መቀመጥ አለበት፤ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማፈን ያሻግተዋል። ይህን ቦታ ካላገኙ፣ ዘመድ ቤትም ካልተቻለ፣ የማይጠቀሙበትን ከማስቀመጥ ገና ጠንካራ ሳለ መሸጥ ይሻላል። ጥበቃም ያስፈልገዋል፤ ተነቅሎ የተደረደረ ጥድ እግር ያወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ በፊት ያጣሩ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ወይም ሊመዘገብ የታሰበ መሆን አለመሆኑን በክፍለ ከተማው የቅርስ ጉዳይ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ። በሰሜን አዲስ አበባ ያሉ የድሮ ቤቶች ባለቤቶቻቸው ሳያውቁት በዝርዝር ውስጥ የሚገኙበት ጊዜ አለ፤ የተመዘገበ ከሆነ ያለ ፈቃድ መንካት በሕግ ያስጠይቃል። የማፍረስ ፈቃዱም ከግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት የሚወጣ ነው። የአዲሱ ቤት ንድፍ ጸድቆ ፈቃዱ እጅዎ ሳይገባ ከአሮጌው ግን አንድ ቆርቆሮ አያንሱ።

ስለዚህ የማያሻማ ምክሬ ይህ ነው። ዋናውን ቤት በአናጺ መሪነት በእጅ ያስፈቱ፤ ሰርቪስ ቤቱን በርና መስኮቱን ብቻ አውጥታችሁ በማሽን አስፈርሱ፤ ፌሮውን ለማቅለጫ በኪሎ ሽጡ። ይህን ከመወሰንዎ በፊት ግን ከወንድምዎ ጋር ሁለት ቀን ወስዳችሁ ቤቱን በሜትርና በደብተር ቁጠሩት፤ እያንዳንዱን በር ከነስፋቱና ከነቁመቱ፣ የወለሉን ስፋት፣ የቋሚዎቹን ብዛትና ውፍረት፣ የመስኮት ክፈፎቹን፣ የቆርቆሮውን ብዛት። ዝርዝሩን ለአርክቴክቱ የምትሰጡት ንድፉ ሳያልቅ ነው። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዝግባ በር በእጃችሁ እያለ ንድፉ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ከተሳለ በሩ ማገዶ ሆነ ማለት ነው። ፈቃድ ወጥቶ፣ ኮለን ቆሞ «አሮጌው በር የት ይግባ» ብሎ መጠየቅ ግንበኛውን ማስቀየም ብቻ ነው።

አርክቴክቱን ስታናግሩ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ አዲሱ ቤት ራሱ አንድ ቀን የሚፈታ እንዲሆን። የጣሪያው ብረት ከሚበየድ በብሎን ቢታሰር፣ የአጥሩ ድንጋይ ከንጹሕ ሲሚንቶ ይልቅ ኖራ በበዛበት ሞርታር ቢገነባ፣ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ከሚቀበር በሚከፈት መተላለፊያ ቢሄድ ብዙ አይጨምርም፤ ቧንቧ በፈነዳ ቁጥር ሴራሚክ ከመስበርም ያድናል። አርክቴክቱ ይህ አያስፈልግም ካለ ምክንያቱን ያስረዳችሁ፤ የኖራ ሞርታር ለሸክም ግድግዳና ለኮለን እንደማይሆን ግን እኔም እስማማለሁ። ባለእስካቫተሩን እስከዚያው ቀጠሮ አይስጡት።